ደብተሩ በእጅ እያለ፦ በራያ ቆላ ይዞታን ከዕዳ የመታደግ ጉዳይ

በዕዳ ምክንያት ቤትንና ይዞታን ማጣት በቆቦና በዙሪያዋ ባለው የራያ ቆላ፣ እንደ ትልልቅ ከተሞች ሐራጅ በጋዜጣ ታውጆ የሚፈጸም ጉዳይ አይደለም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ የጋራ ሀብት እንደሆነ፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ፣ አርሶ አደሩም ከይዞታው ያለመነቀል መብቱ የተጠበቀ እንደሆነ ስለደነገገ፣ የገጠሩ ሰው መሬቱን በሕግ ፊት ሸጦ ባዶ እጁን ሊቀር አይችልም። ሆኖም ዕዳ የጠናበት ቤተሰብ መሬቱን ሳይሸጥ ከመሬቱ የሚለይባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው፤ ማሳውን ለረዥም ዓመታት በኮንትራት ይሰጣል፣ በወለድ አግድ ያስይዛል፣ ወይም ጥማድ በሬውን ሸጦ በገዛ ማሳው ላይ እኩል አራሽ ያስገባና ምርቱን ይካፈላል። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ በስሙና በፎቶግራፉ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ፣ ማሳውን የሚያርሰው፣ የሚያጭደውና የሚበላው ሌላ ሰው ይሆናል። ይህ ድምፅ የሌለው መነቀል ከሐራጅ ያነሰ ጉዳት የለውም፤ የሚያስቆመውም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ብቻ ሳይሆን የመረዳጃ ማኅበሩ ቅሬ፣ እቁቡ፣ የብድር ቡድኑ፣ የአገር ሽማግሌውና የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ሳይዘገዩ በአንድ ላይ የሚወስዱት እርምጃ ነው።

የራያ ሜዳ በምሥራቅ ከዞብል ተራሮች፣ በምዕራብ ከወሎ ደጋ ግርጌ መካከል የተዘረጋ ለም ቆላ ሲሆን፣ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴና በወልድያ በኩል ወደ መቐለ የሚወስደው አውራ ጎዳና ከደቡብ ወደ ሰሜን ያቋርጠዋል፤ ጎብዬ፣ ሮቢትና ቆቦም በዚሁ መንገድ ላይ የተቆረቆሩ ከተሞች ናቸው። አፈሩ ከደጋው በሚወርደው ደለል እየታደሰ የኖረ በመሆኑ ለማሽላና ለጤፍ የተመቸ ነው፤ ገበሬውም እንደ ሆርማትና ጎሊና ባሉት ወንዞች የሚወርደውን ደራሽ ጎርፍ በቦይ እየጠለፈ ወደ ማሳው ማስገባትን ከአባቶቹ ወርሷል። የዕዳው መነሻ የመሬቱ ድህነት አይደለም፤ መነሻው የዝናቡ አለመታመንና የገቢው ወቅታዊነት ነው። ደገለትና ጅጉርቲ የተባሉት የአካባቢው የማሽላ ዓይነቶች ለመድረስ ረዥም ጊዜ ስለሚፈልጉ፣ የበልጉ ዝናብ ሲገኝ በሚያዝያ አካባቢ ተዘርተው የሚታጨዱት ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። በዚህ መካከል ያለው ክረምት የጎተራው እህል የሚያልቅበት፣ የአረም ጉልበት የሚፈለግበት፣ ቀጥሎም የልጆች ትምህርት ቤት የሚከፈትበት ጊዜ በመሆኑ፣ ብድር የሚፈለገው ቤተሰቡ ለመደራደር አቅም በሚያንሰው በዚያው ወቅት ነው። በነሐሴ የተበደረ ሰው በኅዳር ይከፍላል፤ ይኸውም እህል በተወደደበት ወር የወሰደውን ገንዘብ፣ እህል በረከሰበት ወር ማሽላውን ሸጦ ይመልሳል ማለት ነው። ወለዱ በወረቀት ላይ ባይጻፍ እንኳ በሁለቱ ወራት ዋጋ መካከል ተደብቆ ይቀመጣል።

በዚህ የተለመደ ጫና ላይ ያለፉት ዓመታት ያከሉበት መከራ በአንድ ቤተሰብ ትከሻ የሚቻል አልነበረም። በ2008 ዓ.ም. የኤልኒኖ ድርቅ መላውን የሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ ቆላ ጎዳ፤ በ2013 ዓ.ም. መባቻ፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ የበረሃ አንበጣ መንጋ በራያ ቆቦ ለአጨዳ የተቃረበውን ማሽላና ጤፍ በላ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የሰሜኑ ጦርነት ቆቦ ደርሶ ከተማዋ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቆየች፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ውጊያው ዳግም ሲቀሰቀስ ቆቦ እንደገና እጅ ለወጠች። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላም እፎይታው አልቆየም፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ በአማራ ክልል በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል የተነሣው ግጭት መንገድን፣ ገበያንና የባንክ አገልግሎትን ደጋግሞ አቋረጠ። አንድ ምርት ያጣ ገበሬ ከብቱን ሸጦ ሊሻገር ይችላል፤ ሁለተኛውን ሲያጣ የሚሸጠው ከብት የለውም፤ ሦስተኛው ላይ የሚቀረው ማሳው ብቻ ነው። የብድር ውል ደግሞ ቀኑን የሚቆጥረው በጎተራው ልክ አይደለም።

ለዕዳ መንስኤ ከሆኑት መካከል ስደትም ስሙ ሊነሣ ይገባል። የራያና የሰሜን ወሎ ወጣቶች በጂቡቲና በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ መጓዝ ከጀመሩ ብዙ ዓመታት አልፈዋል፤ ለደላላ የሚከፈለው ገንዘብ፣ በመንገድ ላይ በአጋቾች እጅ ለወደቀው ልጅ የሚጠየቀው ማስለቀቂያም፣ ቤተሰቡ በሰዓታት ውስጥ ሊያገኘው የሚገባ በመሆኑ በሬው በርካሽ ይሸጣል፣ ማሳውም በችኮላ ለኮንትራት ይቀርባል። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. መጨረሻ የሳዑዲ መንግሥት በጀመረው ዘመቻ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ሲመለሱ፣ ከብዙዎቹ ጋር የተመለሰው ያልተከፈለ የመሄጃ ዕዳ ነበር። ልጁን ከሞት ለማዳን ማሳውን የሰጠ አባት ስሕተት ሠራ ማለት አይቻልም፤ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ በዚያች ሰዓት ከአራጣ አበዳሪው ሌላ የሚያንኳኳው በር ለምን አልነበረውም የሚለው ነው።

ወለድ አግድ እንዴት ይሠራል

ወለድ አግድ ማለት አበዳሪው ገንዘቡን ሰጥቶ በወለድ ፋንታ የተበዳሪውን መሬት ወይም ቤት እየተጠቀመበት የሚቆይበት፣ ዋናው ገንዘብ ሲመለስለት ብቻ የሚለቅበት የብድር ዓይነት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረትን በሚመለከት ከአንቀጽ 3117 ጀምሮ ያውቀዋል፤ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ከሆነ በኋላ ግን በገበሬዎች መካከል በግል ወረቀት የሚደረገው ወለድ አግድ ከሕገ መንግሥቱ የአለመሸጥና የአለመለወጥ መርሕ ጋር ይጋጫል። ልማዱ ግን በዚህ አልቆመም።

ውሉ የሚጻፍበትን ሁኔታ ቀረብ ብሎ መመልከት ጉዳቱን ያስረዳል። ወረቀቱ ከደብተር የተገነጠለ አንድ ገጽ ነው፤ የሚጽፈው ፊደል የቆጠረ ጎረቤት ወይም የከተማ ራፖር ጸሐፊ ነው። በላዩ የአበዳሪውና የተበዳሪው ስም፣ የማሳው መጠን በጥማድ፣ አዋሳኞቹ በምሥራቅ በምዕራብ፣ በሰሜን በደቡብ ተዘርዝረው ይሰፍራሉ፤ የገንዘቡ መጠን በአኃዝና በፊደል ይጻፋል፤ ከዚያ ሦስት እማኞች ይፈርማሉ፣ መፈረም የማይችለው አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያሳርፋል። ብዙውን ጊዜ የማይጻፈው ነገር ውሉ የሚያበቃበት ቀን ነው። ሚስት የምትጠየቀው ገንዘቡ ከተቆጠረ በኋላ ሊሆን ይችላል፤ ምንም እንኳ በአማራ ክልል የመሬት ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ አብሮ ቢሰፍርም፣ መብቱም የሁለቱ የጋራ ቢሆንም።

ሒሳቡን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ቤተሰብ 30,000 ብር ወስዶ ማሳውን በወለድ አግድ ቢሰጥና አበዳሪው የዘርና የጉልበት ወጪውን ቀንሶ በየዓመቱ የ15,000 ብር ምርት ቢያገኝበት፣ ያ ገንዘብ በዓመት 50 በመቶ ወለድ ወልዷል ማለት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ተዋዋዮች በብድር ላይ የሚስማሙበትን ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ስለሚወስን፣ በዚሁ ብድር ላይ ሕጋዊው ጣሪያ 3,600 ብር ነበር። በአራት ዓመት አበዳሪው 60,000 ብር ሰብስቦ ዋናው ዕዳ አንድ ብር እንኳ ሳይቀነስ 30,000 ብር ሆኖ ይጠብቃል፤ ተበዳሪው ደግሞ ይህን ዋና ገንዘብ ሊያገኝበት የሚችለውን ብቸኛ ምንጭ፣ ማሳውን፣ አሳልፎ ሰጥቷል። አንዴ የተገባበት ወለድ አግድ ዓመታትን የሚያስቆጥረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ተበዳሪው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም።

የቆቦ ጊራና ሸለቆ የልማት ፕሮግራም የከርሰ ምድር ውኃን በጥልቅ ጉድጓድ አውጥቶ ለመስኖ ማዋል ከጀመረ ወዲህ፣ በሽንኩርትና በቲማቲም የሚለማው የመስኖ ማሳ ዋጋው ከዝናብ ማሳው እጅግ ስለሚበልጥ፣ የኮንትራቱም ፍላጎት በዚያው መጠን አድጓል። ለዘር፣ ለመድኃኒትና ለውኃ ማውጫ የሚሆን ገንዘብ የሌላት ባሏ የሞተባት ሴት በመስኖ ቦይ ዳር ያለውን ማሳዋን ለከተማ ነጋዴ በኮንትራት ትሰጥና በዚያው ማሳ ላይ ሽንኩርት ለቃሚ ሆና በቀን ትቀጠራለች። በዚህ ላይ ግን ፍርዱ ሚዛናዊ መሆን ይኖርበታል፤ መሬት ተከራይ ሁሉ ነጣቂ አይደለም። በ1989 ዓ.ም. ከተካሄደው የክልሉ የመሬት ሽግሽግ በኋላ የተወለደ ወይም ለአካለ መጠን የደረሰ መሬት አልባ ወጣት፣ በኮንትራትና በእኩል ካላረሰ የሚያርሰው የለውም፤ ኪራይን ጨርሶ መከልከል እሱን መቅጣት ይሆናል። ጉዳት የሚያደርሰው ጊዜው ያልተወሰነ፣ ዋጋው በጭንቅ ሰዓት የተቆረጠና ማንም ያልመዘገበው ኪራይ ነው።

ሕጉ ወዴት እያመራ ነው

የዕዳና የመሬት ጉዳይ ታሪካዊ መሠረት አለው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ጊዜ የያኔው ራያና ቆቦ አውራጃ ከተጎጂዎቹ ግንባር ቀደም ነበር። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ስለ ድህነትና ረሃብ ጥናቱ፣ በወሎ ሕዝቡ የሞተው የእህል ዋጋ ሰማይ ነክቶ ሳይሆን የገበሬው የመግዛት አቅም ስለወደመ እንደነበር፣ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል እንዳልናረ በማስረጃ አሳይቷል። የገበሬው አቅም የወደመው ምርቱ በመጥፋቱ፣ ከብቱ በመርከሱና ንብረቱ ከእጁ በመውጣቱ ነበር። የየካቲት 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 ባለርስትና ጭሰኛ የሚለውን ሥርዓት ሲያፈርስ፣ መሬት በዕዳ ወደ ባለገንዘብ የሚሄድበትን የሕግ በርም አብሮ ዘጋ።

ያ በር በአዲስ መልክ ከፈት እያለ ነው። የተሻሻለው የአማራ ክልል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 252/2009 ደብተር ያለው ገበሬ በመሬቱ የመጠቀም መብቱን ለገንዘብ ተቋም በዋስትና እንዲያስይዝ ፈቅዷል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 1324ም ይህንኑ መንገድ ተከትሏል። በሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ፣ ማለትም እያንዳንዱ ማሳ በካርታ ተለክቶ በተመዘገበበት ሰነድ፣ ላይ የተመሠረተ ብድር በእንግሊዝ መንግሥት ይደገፍ በነበረ የመሬት ፕሮግራም አማካይነት በአማራ ክልል ተሞክሯል። ተበዳሪው መክፈል ሲያቅተው አበዳሪው የሚያገኘው መሬቱን አይደለም፤ ለተወሰነ ጊዜ የመጠቀሙን መብት ነው። ይህ ልዩነት በሕግ ሰነድ ላይ ትልቅ ነው፤ በማሳው ላይ ግን ብዙ ዓመት ያለ መሬት ለሚቆይ ቤተሰብ የሚሰጠው መጽናኛ ጥቂት ነው። አዲሱን ሕግ በጥርጣሬ ብቻ ማየት ተገቢ አይደለም፤ ገበሬው በዓመት 50 በመቶ ከሚበላው ወለድ አግድ ወጥቶ ተመዝግቦ በሚታወቅ ወለድና ጊዜ ቢበደር ይጠቀማል። ነገር ግን ብድሩ ከመጣ፣ ብድሩ ሲበላሽ ጣልቃ የሚገባ አካልም አብሮ መምጣት አለበት።

በቆቦ ከተማ ያለው ሁኔታ ከገጠሩ ይለያል። የከተማ ቤት በባንክ መያዣነት ሊያዝ ስለሚችል፣ በባንክ በመያዣ ስለተያዘ ንብረት የወጣው አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንኩ በውሉ ላይ ከተስማማ ለተበዳሪው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ፍርድ ቤት ሳይሄድ ቤቱን በሐራጅ እንዲሸጥ ሥልጣን ይሰጠዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ይህን መሰሉን በራስ ኃይል የመሸጥ ውል ቀደም ሲል ይከለክል ነበር። ሱቁ በጦርነቱ ለተዘረፈበት ነጋዴ 30 ቀን እጅግ አጭር ነው፤ ማስጠንቀቂያው የሚደርሰው ደግሞ ለእሱ ብቻ በመሆኑ፣ ብዙውን ጊዜ ጎረቤቱ የሚሰማው የሐራጅ ማስታወቂያው በግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ነው።

ጎረቤት ዋስ ሲሆን

በገጠሩ ትልቁ መደበኛ አበዳሪ ለረዥም ጊዜ አብቁተ፣ ማለትም የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ነበር፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ በአማራ መልሶ ማቋቋምና ልማት ድርጅት ጥላ ሥር ተጀምሮ፣ ኋላም ወደ ፀደይ ባንክ አድጓል። መሬት በመያዣነት በማይያዝበት ዘመን ብድሩን ያስቻለው የቡድን ዋስትና ነው፤ ጥቂት ጎረቤታሞች ተመራርጠው ቡድን ይመሠርታሉ፣ አንዱ ቢያቅተው ሌሎቹ ሊከፍሉለት ይገደዳሉ። ዘዴው በመላው ዓለም የተመሰገነ ነው፣ ለብዙ ድሆችም የመጀመሪያውን ብድር አስገኝቷል።

ይሁን እንጂ አደጋ በመጣ ጊዜ ይህ ዋስትና ጎረቤትን ከረዳት ወደ አስከፋይ ይለውጠዋል። አንበጣ የአንዱን ማሳ ሲበላ የዋሶቹንም ይበላልና፣ የቡድኑ አባላት ለጎደለው የሚያሟሉት የላቸውም፤ ያላቸው አማራጭ የተቸገረው ሰው በሬውን እንዲሸጥ ወይም ማሳውን በኮንትራት እንዲሰጥ መገፋፋት ነው። በክፉ ቀን ሊያማክረው የሚገባው ጎረቤት በዚያው ቀን ከሁሉ በላይ የሚፈራው ሰው ይሆናል፤ ስለዚህ ችግሩን ይደብቃል። በዕዳ የሚፈርሱ ቤቶች ጉዳይ ላይ ከገንዘብ እጥረት በላይ ጥፋት የሚያደርሰው ይህ መደበቅ ነው፤ ሁሉም ሲያውቀው ወረቀቱ ተፈርሟልና።

በራያ ይህን ዝምታ ሊሰብር የሚችለው ቅሬ ነው። ቅሬ በሌላው አገር እድር የሚባለው የቀብርና የመረዳጃ ማኅበር የወሎ መልክ ሲሆን፣ በብዙ ቦታ ክርስቲያኑንና ሙስሊሙን በአንድነት ያቅፋል። ሰው ሲሞት ወንዶቹ መቃብር ይቆፍራሉ፣ ቃሬዛ ይሸከማሉ፤ ሴቶቹ ውኃና እንጨት ያቀርባሉ፣ እንጀራ ያዋጣሉ፤ የሐዘንተኛው ማሳ አረም እንዳይበላው ጎረቤት ተሰባስቦ ያርምለታል። ከቀብር መልስ ቅሬው በዛፍ ጥላ ሥር ሲቀመጥ የቅሬው ዳኛ የቀረውን ያስጠራል፣ ቅጣት ይወስናል፣ የዘገየ ይከፍላል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ግጦሽ፣ ስለ ቦይ ጠረጋ፣ ስለ ሌባና ስለ ተጣሉ ሰዎች ይነጋገራሉ። የቅሬ ኃይል በገንዘቡ አይደለም፤ ገንዘቡማ ጥቂት ነው። ኃይሉ ከቅሬ የተወገደ ሰው የሚቀብረው እንደማይኖር ሁሉም ማወቁ ላይ ነው። ይህን ያህል የመቅጣት ሥልጣን በፈቃድ የተሰጠው ሌላ ተቋም በቆላው አይገኝም፤ የየትኛው ቤት ጭስ እንደቀነሰም ከማንም ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው።

የቅሬ ድክመትም በግልጽ ሊነገር ይገባል። ሥርዓቱ የተሠራው ለሞት ነው፤ በሕይወት ያለ ቤተሰብ ሲፈርስ ጉዳዩ የቅሬው ሆኖ አይቆጠርም። ባል ለሞተበት ቤት ወዲያው የሚደርሰው ማኅበር፣ ከስድስት ወር በኋላ ያችው መበለት ማሳዋን በወለድ አግድ ስትሰጥ ከእማኞቹ አንዱን ከአባላቱ ሊያበረክት ይችላል። በዳኝነቱ ወንበር ላይ ሴቶች እምብዛም አይቀመጡም። አበዳሪውም አንዳንዴ የዚያው ቅሬ የተከበረ አባል ነውና፣ ብቻውን የተተወ ቅሬ በሀብታም አባሉ ላይ ለመናገር ይቸገራል።

ስለዚህ ነው ሌሎቹ የሚያስፈልጉት። በራያ ቆቦ ዘወልድ የሚባለው የሽማግሌዎች ሥርዓት የደም ጠብን በማስታረቅ የታወቀ ነው፤ ገዳይና ሟች ወገንን አቀራርቦ፣ ካሳ ቆርጦ፣ ካሳውን ከዘመድ አዝማድ በመዋጮ አሰብስቦ በመሐላ ያስራቸዋል። የነፍስ ዕዳን በዚህ መልክ ማቻቻል የቻለ ሸንጎ የገንዘብ ዕዳን ማቻቻል አይሳነውም፤ ክብሩም ከአንድ መንደር ቅሬ በላይ ስለሆነ ለአበዳሪው ባለጸጋ አይሸነፍም። የቀበሌው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ ደግሞ ሽማግሌው የሌለው መዝገብ አለው፤ ማሳው የማን እንደሆነ፣ በኪራይ ተይዞ እንደሆነ፣ ውሉ መቼ እንደሚያበቃ ከሰነድ ሊያይ ይችላል፣ ከአጭር ጊዜ ያለፈ የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ የማድረግ ድርሻም አለበት። እቁብና የሴቶች የቁጠባ ቡድኖች ጥቂት ቢሆንም በአንድ ሳምንት ሊንቀሳቀስ የሚችል ጥሬ ገንዘብ አላቸው። ባንኩ የመክፈያ ጊዜን የማራዘም ሥልጣን አለው። አንዱ ሌላው የሌለውን ይዟል፤ በአንድ ጠረጴዛ የሚቀመጡበት ጊዜ ግን የለም። የተቀናጀ አሠራር ቢዘረጋ የቅሬውን ወሬ ሰሚነት፣ የዘወልድን ከበሬታ፣ የኮሚቴውን መዝገብና የአበዳሪውን ውሳኔ ያገናኛል።

በሌሎች አገሮች የታየው ይህንኑ ያጠናክራል። በስፔን በ2009 እ.ኤ.አ. በባርሴሎና የተመሠረተው የመያዣ ብድር ተጎጂዎች መድረክ ቤታቸውን ሊነጠቁ የደረሱ ሰዎችን በሳምንታዊ ጉባኤ አሰባስቦ፣ ቀድሞ የተረፈው ለአዲሱ ውሉን እንዲያነብለት፣ ወደ ባንኩም አብሮት እንዲሄድ አደረገ፤ ከመሥራቾቹ አንዷ አዳ ኮላው በ2015 እ.ኤ.አ. የከተማዋ ከንቲባ ሆነች። በአሜሪካ በቤት ብድር ቀውስ ጊዜ ምክር ቤቱ በ2007 እ.ኤ.አ. መጨረሻ 180 ሚሊዮን ዶላር መድቦ በየአካባቢው ማኅበራት በኩል ለተበዳሪዎች የምክር አገልግሎት አሰጠ፤ ምክር ያገኙትም ከአበዳሪያቸው የተሻለ የአከፋፈል ስምምነት የማግኘት ዕድላቸው ሰፊ ሆኖ ተገኘ። ከእነዚህ ይልቅ ለራያ የሚቀርበው ግን የምዕራብ ኬንያ ታሪክ ነው። አንትሮፖሎጂስቱ ፓርከር ሺፕተን በሉዎ ሕዝብ ዘንድ ባደረገው ጥናት እንዳሳየው፣ የአባቶች መቃብር ያለበትን መሬት በሐራጅ ለመሸጥ የሞከረ አበዳሪ ከመላው ዘመድ ተቃውሞ ገጥሞታል። ኅብረተሰቡ መሬቱን አድኗል፤ መሬትን ይዞ ማበደር ግን ተስፋ የማይጣልበት ሥራ ሆኖ ቀርቷል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ማኅበረሰቡ መነጠቅን መከልከል ብቻ ሳይሆን ዕዳው የሚከፈልበትን መንገድም መዘርጋት እንዳለበት ነው፤ አለዚያ የሚቀጥለው ዓመት ተበዳሪ ወደ አራጣ ይገፋል።

በራያ ሁኔታ ይህ መንገድ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የመሬት ኮሚቴው በጭንቅ ወራት የሚመጣን የኮንትራት ውል ሁለቱም ባልና ሚስት ባሉበት ጮክ ብሎ ሳያነብና የማብቂያ ቀኑን ሳያጽፍ ባይመዘግብ፣ ከጎደሉት ነገሮች ዋናው ተሟላ ማለት ነው። ቅሬው በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ፣ ማሳውን ሊያስይዝ የተነሣ አባል አስቀድሞ ለዳኛውና ለአንዲት በሴቶች ለተመረጠች አባል እንዲያሳውቅ ቢጨምር፣ ምስጢሩም በእነሱ ዘንድ ቢጠበቅ፣ መደበቁ ይቀራል። የቆዩት ወለድ አግዶች ደግሞ በዘወልድ ፊት ቀርበው አበዳሪው እስካሁን ያገኘው ምርት ከዋናው ዕዳ ላይ እየታሰበ ሊቀነስ ይገባል፤ በሕግ ፊት የሚጸና ውል ያልያዘው አበዳሪ ራሱ ከክርክር ይልቅ ስምምነትን የሚመርጥበት በቂ ምክንያት አለው። ሥጋቱ ይህ ኅብረት የባንክ ገንዘብ አስመላሽ ወይም የቀበሌ ሹም መሣሪያ እንዳይሆን ነው፤ ያን ቀን ሕዝቡ ከቅሬውም መደበቅ ይጀምራል። በመሆኑም ሽማግሌዎቹና ቅሬው ከመንግሥትም ከአበዳሪም አበል ሊቀበሉ አይገባም።

ፀደይ ባንክና በቆቦ ያሉ ሌሎች ባንኮች ማስጠንቀቂያ በሚጽፉበት ቀን ተበዳሪው የሚመርጣቸውን ሽማግሌዎች እንዲያማክር ጊዜ ይስጡ፤ በድርቅ፣ በአንበጣና በጦርነት የጠፋን ምርት እንደ ተበዳሪው ጥፋት አይቁጠሩ። የወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ከነሐሴ በፊት በየቅሬው እየዞረ የወለድ አግድን ሒሳብ ያስረዳ። የቅሬ ዳኞችም በሚቀጥለው ስብሰባቸው የቀረውን ካስጠሩ በኋላ አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፤ ዘንድሮ ማሳውን ሊሰጥ ያሰበ ማን ነው ብለው ይጠይቁ።